መለኪያውን ያመነው ባለሙያ

አንድ ሥራው የተመሰገነ የፕሮግራም ባለሙያ ነበር፤ ስሙ ደምሰው ይባላል። በአንድ ሆስፒታል የጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ በታማሚ ጣት ላይ የሚሰካውን የኦክስጅን መለኪያ የሠራው እሱ ነው። መለኪያውን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘውንም ፕሮግራም እሱው ጽፎታል። ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን ፕሮግራም ድራይቨር ይሉታል። ድራይቨር በኮምፒውተሩ ማህደረ ትውስታ ውስጥ ያሻው ቦታ ገብቶ ይጽፋል፤ የሚከለክለው የለም።

ደምሰው ከመለኪያው ለሚመጡት ቁጥሮች አሥራ ስድስት ቦታ አዘጋጀ። ድራይቨሩ ግን ስንት ቁጥር እንደ መጣ አይቆጥርም፤ የተላከለትን ሁሉ ተቀብሎ በተርታ ይጽፋል። ደምሰው ቆጠራውን የተወው ረስቶ አይደለም። መለኪያው የገዛ እጁ ሥራ ስለሆነ ከአሥራ ስድስት እንደማያልፍ ያውቅ ነበር።

ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የሌሎችን ሥራ የምትመረምር ምንትዋብ የምትባል ባልደረባው ይህን አየች። ከአሥራ ስድስቱ ቦታ ቀጥሎ የተጻፈው የማንቂያው ልክ ነው፤ ዘጠና። የታማሚው ኦክስጅን ከዘጠና ሲወርድ ማንቂያው ይጮኻል። አሥራ ሰባተኛ ቁጥር ቢመጣ ግን በዚያ ልክ ላይ ይጻፍበታል። ሄዳ ነገረችው።

ደምሰው በሰው ፊት ሳቀባት። ድራይቨሩ ሥራ ሲጀምር እሷ ኮምፒውተር በየት በኩል እንደሚከፈት እንኳ እንደማታውቅ ነገራት።

«መለኪያውን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ልጄ። እኔን ነው የምትጠረጥሪው?»

«እርስዎን አይደለም፣ ጋሼ። ነገ በእርስዎ መለኪያ ፈንታ የሚሰካውን ነው።»

ምንትዋብ በደብዳቤም አመለከተች። የፕሮግራም ክፍሉ ኃላፊ ደምሰው ራሱ ስለነበር በደብዳቤው ጥግ ላይ «ታይቷል» ብሎ ፈረመና ወደ መዝገብ ቤት መራው። ሳይሠራ የቀረው እርማት ሁለት መስመር ብቻ ነበር።

ደብዳቤው በተጻፈ በአምስተኛው ወር መለኪያዎቹ አርጅተው ሆስፒታሉ ከሌላ አምራች አዳዲስ ገዛ። አዲሶቹ በአንድ ጊዜ የሚልኩት ሃያ አራት ቁጥር ነው። የመጨረሻዎቹ ስምንቱ ቦታ መሙያ ብቻ ስለሆኑ ሁሉም ዜሮ ናቸው። ዘጠና የነበረው ልክ ዜሮ ሆነ። ኮምፒውተሩ አልቆመም፤ ስክሪኑም አልጠፋም። ከዜሮ የሚወርድ ኦክስጅን ስለሌለ ግን ማንቂያው ከዚያ ቀን ወዲህ በምንም ምክንያት ሊጮኽ አይችልም ነበር።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነርሷ ሲስተር ወይንሸት አንሶላ ይዛ ስታልፍ፣ ከወለደች ሦስት ቀን የሆናት ሴት ከንፈሯ ጠቁሮ አየች። ስክሪኑ ሰባ አንድ ይላል። ክፍሉ ጸጥ ብሏል። ሐኪሞቹ ሮጠው ደረሱ፤ ሴትዮዋ ለጥቂት ተረፈች። ሲስተር ወይንሸት ወዲያው የቀሩትን አምስት አልጋዎች ማንቂያ አንድ በአንድ ፈተሸች። አንዱም አልጮኸም።

ደምሰው ተጠርቶ መጣ። ጥፋቱን ለማግኘት ሩብ ሰዓት አልፈጀበትም። ሲስተር ወይንሸት ከመቼ ጀምሮ እንዲህ እንደሆነ ጠየቀችው። አዲሶቹ መለኪያዎች ከተሰኩ ጀምሮ፣ አሥራ ዘጠኝ ቀን እንደሆነው ነገራት።

«በእነዚህ አሥራ ዘጠኝ ቀናት እዚህ ክፍል አራት ሰው ሞቷል» አለችው። «ማንቂያው ቢጮኽ ይተርፉ ነበር?»

ይህን እስከ ዛሬም የሚያውቅ ሰው የለም።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ይህ ነው፦ ካመኑት የመጣውን መቁጠር ንቀት አይደለም። የምናምነው ሰው ነገ በቦታው ላይኖር ይችላል፤ ለእሱ ብለን ክፍት የተውነው በር ግን ለሚመጣው ሁሉ ክፍት ሆኖ ይቆያል። ጮኾ የሚመጣ ብልሽት አስተካካይ ያገኛል። የሚያስፈራው፣ ሁሉም ነገር ደህና መስሎ ሲሠራ ውስጥ ለውስጥ የተበላሸው ነው።

እርስዎስ፣ «የራሴ ሥራ ነው» ብለው ሳይፈትሹ የሚያሳልፉት ምን አለ? ቢሳሳትስ የሚከፍለው ማን ነው?