ጸራቢው ዘርዐ ዳዊትና የድሆች ገበታ

የአምላክ እናት እመቤታችን ማርያም ለጸራቢው ለዘርዐ ዳዊት ያደረገችው ተአምር ይህ ነው፤ የምትሰሙትን እናንተንም የምነግራችሁን እኔንም በምልጃዋ ትጠብቀን፤ አሜን።

ጥዳማ ማርያም በምትባል ደብር አጠገብ ዘርዐ ዳዊት የሚባል እንጨት ጠራቢ ነበረ፤ ይህም ሰው «በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል» ብሎ እመቤታችንን ሳያመሰግን መጥረቢያ አያነሣም ነበር፤ ሚስቱ ወለተ ሐናም ሦስት ቀን ምጥ ይዟት ለሞት በቀረበች ጊዜ «እመቤቴ ሆይ፥ ይህችን ሴት ብታተርፊልኝ በየዓመቱ መስከረም ሃያ አንድ ቀን በደጅሽ የወደቁትን ድሆች አበላለሁ» ብሎ ተሳለና እርሷም በሰላም ተገላገለች፤ ከዚያም ወዲህ ስእለቱን አንድ ዓመት እንኳ አላስታጎለም።

ነገር ግን በዚያ አገር እጀ ጠቢብ የተናቀ ነበር፤ ቤታቸውን ያቆምላቸዋል፥ አልጋቸውን ይሠራላቸዋል፥ በማኅበራቸው ግን አያስቀምጡትም፥ ጽዋቸውንም አያስነኩትም ነበር። «ይህ የጸራቢ ልጅ አይደለምን» ብለው ጌታችንን የናቁትን የናዝሬት ሰዎች ሲነቅፉ ይውሉና መልሰው ራሳቸው ጸራቢውን ከደጅ ይመልሱታል፤ እንዲህ ያለውን ክርስትና ምን እንደምለው አላውቅም።

ከዕለታትም በአንዱ ዘርዐ ዳዊት ድሆቹ በጭቃ ላይ ተቀምጠው ሲበሉ አየና «የእመቤቴ እንግዶች ስለምን መሬት ይቀመጣሉ» ብሎ አዘነ፤ አባቱ በጓሮ የተከለውንም ዋንዛ ቈረጠና ከቤቱ ጀርባ ባለው የሥራ ዳሱ ጥላ አድርቆ ሰነጠቀው፥ በመላጊያ አለሰለሰው፥ በመሮ ፈልፍሎም አንዱን ከአንዱ አጋጠመው፤ ሚስማር አልነበረውምና መጋጠሚያውን በእንጨት ሽብልቅ አጠበቀ፤ ዕውራኑን እንዳይወጋቸውም ጠርዙን ሁሉ አድቦልቡሎ ላገው፤ እንዲህም አድርጎ ሃያ ሰው የሚያበላ ረጅም ገበታ ከሁለት አግዳሚ ወንበር ጋር ሠራ።

የደብሩን ንብረት የሚጠብቀው ገበዝ ክንፉ ይህን ሰማ። እርሱም አስቀድሞ ከቅጽሩ ውስጥ አንድ ትልቅ ጥድ በስውር አስቈርጦ ለገዛ አዳራሹ በርና መስኮት አድርጎት ነበር፤ ሕዝቡ «ዛፋችን የት ሄደ» እያለ ያጉረመርም ነበርና የሚያላክክበት ሰው አገኘ፤ ጸራቢውንም በሽማግሌዎች ፊት አቁሞ «ዛፉን የወሰደው ይህ ነው፤ ይህን የሚያህል ገበታ ከምን ሠራው» አለ።

ዘርዐ ዳዊትም «አባቴ፥ የእኔ ዋንዛ ነው፥ የጠፋው ጥድ ነው፤ ቢያሸቱት እንኳ ይለያል» አለ።

ከሽማግሌዎቹ አንድ ስንኳ ጎንበስ ብሎ አላሸተተም። ጥድን ከዋንዛ የማይለይ ሰው በዚያ አገር አልነበረም፤ አዎን፥ ያውቁ ነበር፤ ዳሩ ግን ገበዙን ከማስቀየም እጀ ጠቢቡን መኰነን ቀለላቸውና «እስኪናዘዝ ድረስ ከምእመናን ይለይ፤ ወደ ቤተ ክርስቲያኑም ደጅ አይድረስ፤ ገበታው ለደብሩ ይሁን» ብለው ፈረዱ። የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ እንደሚባለው፥ ገበዙ ለደብሩ የተፈረደውን ገበታ ከነወንበሩ ወደ አዳራሹ አስገባና በእመቤታችን በዓል በመስከረም ሃያ አንድ ቀን የአገሩን ታላላቆች ሊጋብዝበት ጠራ።

ወለተ ሐናም ባሏን «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ አይዞህ» አለችው።

እርሱም «ስእለቴ ግን ነገ ነው» አላት።

በበዓሉም ጥዋት ወደ ባዶው ዳስ ገብቶ በእንጨት ፍቅፋቂ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ፤ ያን ጊዜ እመቤታችን በብርሃን ተገለጠችለትና «ልጄ በጸራቢ ቤት አድጓል፤ እኔም ፍቅፋቂ ጠርጌአለሁ፤ ተነሥና ድሆቼን በደጄ ሰብስብ፤ ማዕዱን እኔ አመጣዋለሁ» አለችው። «እመቤቴ፥ ከደጁ ተከልክያለሁ» ባላት ጊዜም «ደጁ የእኔ ነው» አለችው፤ እርሱም ተነሥቶ ሄደ።

በገበዙ አዳራሽ ታላላቆቹ ተቀምጠው፥ እንጀራውና ወጡ ቀርቦ፥ ሊቈርሱ እጃቸውን በዘረጉ ጊዜ ገበታው አንድ ስንዝር ራቀ። አንዱም «ወለሉ አዘንብሏል መሰለኝ» አለና ወንበራቸውን አስጠጉ፤ ገበታውም ደግሞ ራቀ፤ በሦስተኛው ወንበሮቹ ሰዎቹን አራግፈው ተነሡ፤ ገበታውም ከፊት፥ ወንበሮቹም ከኋላ ሆነው እንደ ደከመች ላም ቀስ እያሉ ወደ በሩ አመሩ። ገበዙ የገበታውን እግር ጨብጦ ሊያስቀር ቢል እጁ ተጣበቀና ሕዝብ እያየው በደረቱ እየተጎተተ እስከ እመቤታችን ደጅ ደረሰ፤ ከወጡ ግን አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም። ገበታውም በድሆቹ ፊት ቆመ፤ ገበዙም «ጥዱን የቈረጥሁት እኔ ነኝ፤ በሬን ሂዱና እዩት» ብሎ እስኪጮህ ድረስ እጁ አልተላቀቀም።

ድሆቹም ተቀምጠው በሉ፤ ዘርዐ ዳዊትን ከመካከላቸው አስቀመጡትና ከክርስቲያን ጋር በአንድ ማዕድ ሲቀመጥ በሕይወቱ የመጀመሪያው ሆነ፤ እንባውም ከጉርሻው ጋር ወረደ፥ እመቤታችንንም አመሰገነ። ሽማግሌዎቹም በኀፍረት ቀርበው «ከግዝቱ ተፈትተሃል፤ ከእንግዲህ ወደ ማኅበራችን ና፥ ከጽዋችንም ጠጣ» አሉት።

እርሱም ከተቀመጠበት ሳይነሣ «አባቶቼ፥ ጽዋውን ወደዚህ አምጡት» አላቸው።

አመጡትም፤ አግዳሚው ሞልቶ ነበርና ድሆቹ ጠጥተው እስኪረኩ ድረስ ሽማግሌዎቹ ቆመው ጠበቁ።

የሠሪውን እጅ ንቆ ሥራውን ከሚወድ ልብ፥ እያወቀም ከሚያዳላ ፍርድ እመቤታችን ታድነን፤ ይህን የሰማችሁትን ሁሉ ማንም ከማያስነሣችሁ ከልጇ ማዕድ ታስቀምጣችሁ፤ ለዘለዓለሙ አሜን።