ጉድጓዱ ዳር የቆመው ድንጋይ

አንድ ሹም ነበረ፤ ለአገሩ መልካም የሚያስብ። በሚያስተዳድረው አገር ደሀው ሁሉ ከገደል ሥር ካለ ምንጭ ይቀዳ ነበር። ምንጩ ሩቅ ነው፤ ከብት ስለሚገባበትም ልጆች በሆድ በሽታ ያልቁ ነበር። ሹሙ ይህን ሰምቶ ከመንደሩ መሐል ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፈረ። አፉን ከመሬት እኩል አድርጎ በእንጨት ከደነው፤ እንዲያምርም ብሎ የዙሪያውን ድንጋይ አስለቅሞ እንደ አውድማ አስደለደለው። ያየው ሁሉ አደነቀ፤ እሱም ኮራ።

ከክረምት በኋላ ግን ብዙ ሴቶች ገደሉን መውረድ እንዳልተዉ ሰማ። ሰዎች ልኮ አስጠየቀ። ሁሉም «ውሃው ጥሩ ነው፤ እግዜር ይስጥልን» አሉ፤ በማግስቱም ወደ ገደሉ ወረዱ። ሹሙ ከፋው። ይህን ያህል ደክሞላቸው ልጆቻቸውን ቆሻሻ ውሃ ማጠጣታቸው አናደደው። «በሚመጣው የገበያ ቀን ምንጩ በአፈር ይደፈን» ብሎ አዋጅ አስነገረ።

አዋጁን የሰማች አንዲት ባልዋ የሞተባት ሴት ደጁ መጣች። ጧት ጧት ሰው ቤት እህል እየፈጨች የምታድር፣ ልብሷ የተጣፈ፣ አንገቷ ግን ቀጥ ያለ ሴት ናት።

«ጌታዬ፣ ምንጩን አይድፈኑብን» አለች።

«ጉድጓዱ ደጃፍሽ አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«ውሃው ይሸታል?»

«ኧረ ንጹሕ ነው።»

«ታዲያ ምን ሆንሽ?»

ሴትዮዋ መሬት መሬት አየች። «ለጌታ የሚነገር ነገር አይደለም» አለች።

አሽከሮቹ ሳቁ። «ልማድ ነው ጌታዬ፤ ገደል ካልወረዱ ሐሜቱ አይጥማቸውም» አለ አንዱ።

ሹሙ ግን አልሳቀም። «እንስራሽን አምጪ። እኔው ቀድቼ ቤትሽ አደርሰዋለሁ፤ ያን ጊዜ የምትይውን እሰማለሁ» አላት።

«እንግዲያው እኔ በምሄድበት ሰዓት ይሂዱ፤ በቀትር፣ ብቻዎን» አለችው።

ሹሙ ካባውን አውልቆ ሄደ። ቀድቶ እንስራውን ሞላ። እንስራውን ጀርባው ላይ አድርጎ የማዘያውን ገመድ በደረቱ አዙሮ አሰረና ቁጢጥ ብሎ ሊነሳ ሞከረ። እንስራው ንቅንቅ አላለም። ደግሞ ሞከረ፤ ዘንበል ብሎ ውሃው አንገቱ ላይ ፈሰሰ። ድንጋይ ላይ አስደግፎ ለመነሳት አሰበና ዙሪያውን ቢያይ ባዶ ሜዳ ነው፤ ድንጋዩን ሁሉ ያስለቀመው ራሱ ነው። ሰውም የለም። ጧት አብረው የሚመጡት ሴቶች አንዷ ሌላዋን እያሸከመች ሄደዋል። ፀሐይ አናቱን እየመታው ተቀመጠ።

አንድ ገበሬ አህያውን እየነዳ መጣ። ሹሙን አላወቀውም።

«ምነው ወንድሜ፣ ምሽትህ ወለደችብህ እንዴ?» ብሎ ሳቀበት።

ሹሙ በዕድሜው ሁሉ ሲያዝ እንጂ ሲለምን አያውቅም። በስተመጨረሻ «እባክህ፣ አሸክመኝ» አለ።

ገበሬው አሸከመው። «ዛሬስ እኔን አገኘህ፤ ነገ ማንን ልትለምን ነው?» ብሎት አህያውን ነድቶ ሄደ።

ሹሙ ልብሱ በስብሶ ሴትዮዋ ቤት ደረሰ። እንስራውን ሲያወርድ «ለምኜ መጣሁ» አላት።

«እኔ ደሀ ነኝ እንጂ ለማኝ አይደለሁም» አለች። «ጧት ሰው ቤት የምንፈጭ ሁሉ በቀትር ብቻችንን ነው የምንቀዳው። ምንጩ ዳር ግን ወገብ የሚደርስ ድንጋይ አለ። እንስራዬን እላዩ አስቀምጬ እሞላለሁ፤ ጀርባዬን ሰጥቼ ብቻዬን እነሳለሁ። በየቀኑ መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ አሸክሙኝ ከምል ገደሉን ብወርድ ይሻለኛል።»

ሹሙ አዋጁን ሻረ። ግንበኛ ጠርቶም ከጉድጓዱ ዳር ድንጋይ አስቆመ፤ ቁመቱ የተለካው በሴትዮዋ ወገብ ነው። ብዙም ሳይቆይ ምንጩ ለከብት ብቻ ቀረ። ሴትዮዋ ሙሉ እንስራዋን አዝላ አንገቷን ቀና አድርጋ በደጁ ስታልፍ፣ ሹሙ ብድግ ብሎ እጅ ይነሳት ነበር። ሌሎች ሹማምንት ጉድጓዱን ሊያዩ ሲመጡም ጥልቀቱን ትቶ በኩራት የሚያሳያቸው ድንጋዩን ነው። በአገሩም ሕግ አቆመ፤ ጉድጓድ ያስቆፈረ ሹም ሁሉ፣ ጉድጓዱ ከመመረቁ በፊት በቀትር ብቻውን ቀድቶ ደሀ ቤት ያድርስ የሚል።

እንግዲህ ልጄ፣ «የደሀውን ኑሮ አስጠንተን ጽፈነዋል፤ እኔ ራሴ መሄዴ ለደሀው ላወጣነው እቅድ ምን ይጨምርለታል?» ብለህ ጠይቀኸኛል። እንዳላሳስትህ እፈራለሁና፣ ማስጠናትህ ጥፋት ነው አላልሁም። ያ ሹምም ማስጠየቁ ደግ ነበር፤ የተነገረውም ውሸት አልነበረም። ውሃው በእርግጥ ጥሩ ነው። ጉድጓዱ የአንተ እቅድ ነው። ድንጋዩ ደግሞ ደሀው ለተላከ ሰው የማይናገረው ነገር ነው፤ አንድም ትንሽ ስለሚመስለው፣ አንድም ክብሩ ስለሆነ። እሱን የገዛ ጀርባህ ካልነገረህ ማንም አይነግርህም። ስለዚህ ብቻህን ሂድና ተሸከም። መነሳት ያቃተህ ቦታ ላይ ድንጋይህን አቁም፤ ያን ጊዜ እኔም በአንተ እኮራለሁ።