ስሟን ያልነገረች ሽኮኮ

ጠጋ በሉ። አንተ በር ላይ ያለኸው፣ ወይ ግባ ወይ ውጣ፤ ብርድ አታስገባብን። ነገ ትምህርት ቤት ይከፈታል አይደል? እንግዲያው ስሙኝ።

ድሮ፣ ብረትም ወንዝም አፍ በነበራቸው ጊዜ፣ ከወንዝ ማዶ ገደል ላይ አንዲት ሽኮኮ ነበረች። ያለቻት አንዲት ልጅ ብቻ ናት። ልጇን ሚሚ ትላታለች፤ ልጅቷ ደግሞ እማ ትላታለች። በቃ፣ በዚያ ቤት ሌላ ስም አይጠራም።

መስከረም ጠባና ትምህርት ቤት ተከፈተ። ትምህርት ቤቱ ወንዙን ተሻግሮ ዋርካ ስር ነው። ዋርካው ላይ የተንጠለጠለው ደወል እናቶቹን ሰብስቦ እንዲህ አለ፦

"ወንዙ ገና አልጎደለም። ለልጆቻችሁ ስማችሁን አስጠኑ። ውኃ ቢለያያችሁ የት እንደምትገናኙም ዛሬውኑ ተነጋገሩ።"

ጃርት ልጇን ጎተት አድርጋ፣ "ስሜ አስካለ ነው። ወንዙ ከሞላ ላይኛው ጉብታ ላይ ጠብቂኝ" አለቻት። ልጅቷም እየደጋገመች አጠናችው።

ሽኮኮ ግን ተቆጣች። "አንተ ብረት፣ አፍህ ይዛግ! በመክፈቻው ቀን ሟርት? ደግሞስ ልጄ እናቷን በስም ጠርታ ባለጌ ትባልልኝ?"

"ኧረ እኔስ አላሟረትኩም፣ እመት ሽኮኮ።"

"በል፣ ሟርትህን ለራስህ!" አለችና ሚሚን ስማ ሄደች።

ክፉ ቀን እኮ ስላልጠሩት አይቀርም። ብዙም ሳይቆይ ላይ አገር ዘነበና ወንዙ "ዞር በሉ! ዞር በሉ!" እያለ መጣ። ደወሉም "ወደ ጉብታው! ወደ ጉብታው!" ብሎ ጮኸ፤ ልጆቹ ሁሉ ሮጠው ወጡ። ጃርት ቤቷ በዚያው በትምህርት ቤቱ በኩል ነበርና ወዲያው ደርሳ ልጇን አቀፈች።

ሽኮኮ እያለከለከች ወንዙ ዳር ደረሰች።

"ወንዝ ሆይ፣ በሞቴ አሳልፈኝ! ልጄ ጋ ልሂድ!"

"ልጅሽ የት ነው የምትጠብቅሽ?"

"እኔ እንጃ።"

"ታዲያ ወዴት ላሳልፍሽ?"

ሽኮኮም "ወይኔ ልጄን! ውኃ ወስዶብኛል!" ብላ እየጮኸች ወንዙን ተከትላ ወደ ታች ወረደች።

ጉብታው ላይ ድንቢጥ የማዶ ልጆችን መልእክት ታደርስ ነበር። ሚሚን፣ "እናትሽ ማን ትባላለች?" አለቻት።

"እማ።"

ድንቢጥ ተሻግራ "እማ የምትባል አለች?" ስትል፣ የገደሉ ሽኮኮዎች ሁሉ "እኔ ነኝ! እኔ ነኝ!" አሉ። ተመለሰች።

ሁለተኛም ሄዳ "የሚሚ እናት!" ብላ ተጣራች። ሴት ልጇን ሚሚ የማትል እናት የት ተገኝታ! አሁንም ሁሉም አቤት አሉ። ተመለሰች።

"እሺ ቤታችሁ የት ነው?" አለቻት።

"እማ ፀሐይ የምትሞቅበት ድንጋይ ጋ።"

ሦስተኛም ሄደች። ድንጋዩ ሁሉ ፀሐይ በሚሞቁ ሽኮኮዎች ተሞልቷል። የሚሚ ድንጋይ ብቻ ባዶውን ቀርቷል፤ ባዶ ድንጋይ ደግሞ ማንን ይጠይቁታል? ድንቢጥም ደከማት።

ሌሎቹ የማዶ ልጆች እናቶቻቸው በድንቢጥ ወደነገሯቸው ዘመድ ቤት ሄዱ። ብቻዋን የቀረችውን ሚሚን ጃርት "ነይ የኔ ልጅ" ብላ ወሰደቻት። ሚሚ በየማታው ወደ ማዶ ዞራ ታለቅሳለች። እናትየውም ከታች ባዶ እጇን ተመልሳ የልጇን መኝታ እያሸተተች ታለቅሳለች። ናፍቆት ሁለቱንም በላቸው። አይ ናፍቆት! ከረሃብ ይብሳል፤ ረሃብስ ያገኙትን ቢያጎርሱት ዝም ይላል።

ወንዙ ሲጎድል ሽኮኮ ተሻገረች። "ልጄን አያችሁ?" እያለች ደጅ ለደጅ ዞረች። አንድ ደጅ ላይ ስትደርስ፣ ከውስጥ "እማ፣ ራበኝ!" የሚል ድምፅ ሰማች።

የሚሚ ድምፅ ነው! ልቧ ዘለለ። "መጣሁ ልጄ" ልትል አፏን ስትከፍት፣ ከጓዳ ሌላ ድምፅ ቀደማት፤

"መጣሁ ልጄ!"

ጃርት ናት።

ሽኮኮ "ሚሚ!" ብላ ተጣራች። ሚሚ ብቅ ብላ አየቻትና ሮጠች፤ ሮጣ ሮጣ ግን መሃል ላይ ቆመች። አንዴ ይቺን፣ አንዴ ከኋላዋ የወጣችውን ጃርት ታያለች። የትኛዋን እማ እንደምትል ግራ ገባት።

"ልጄ፣ ስሜ ደብሪቱ ነው" አለች ሽኮኮ። "ጥሪኝ።"

"እናትን በስም መጥራት ነውር አይደል?"

"ነውሩስ የኔ ዝምታ ነበር። በሞቴ፣ ጥሪኝ።"

"ደብሪቱ" አለች ሚሚ በቀጭን ድምፅ። እናትየው ያን ጊዜ ተንሰቅስቃ አለቀሰች።

የኔ ተረት እዚህ ላይ ቆመ። እናንተ ደግሞ ተነሱና፣ እራት ሳይቀርብ እናቶቻችሁን ስማቸውን ጠይቁ። ሟርት ነው ተብሎ የተዋጠ ቃል፣ በጭንቅ ቀን ከጉሮሮ አይወጣም።