የአዛለች ክር

ጠጋ በሉማ፤ እኔ እንደሆንሁ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላወራም። ይህን አያቴ ከአያቷ ነው የሰማችው። ነጋዴ በቅሎውን እየነዳ እስከ ባሕር ድረስ ይወርድ በነበረበት ዘመን የሆነ ነው።

በዚህችው በመንደራችን በዋንዛ በር አዛለች የምትባል ፈታይ ነበረች። መሬት የላት፣ በሬ የላት፤ ለሰው ጥጥ እየፈተለች ነው የምታድረው። ጎረቤቷ የሺወርቅ ትባላለች። የሺወርቅ ግራኝ ነበረች፤ አንለይ የሚባል አንድ ልጅ ብቻ ነበራት። ጦር ተነሣና ንጉሡ ለመርከብ ጎረምሳ አስመለመለ። አንለይን ወሰዱት። ባሕር አይቶ የማያውቅ የገበሬ ልጅ መርከበኛ ሆነ።

እንግዲህ ወሬ እንዴት ይላክለት? የሚጽፍ ሰው የለም፤ ቢጻፍለትም ማንበብ አይችልም። መንደሩ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። አዛለች ግን ረጅም ቅዳጅ ጨርቅ ይዛ መጣች። እያንዳንዱ ጎረቤት ካመረተው እህል አንድ ቁንጣሪ ጨርቁ ውስጥ ያድርግ፣ በእኔ ክር፣ በገዛ እጁ ይቋጥር አለች። ሳቁባት። ለዶሮ ነው ለሰው የምትልኪው አሏት። እሷ ግን ቤት ለቤት ዞረች። አሥራ አንድ ቋጠሮ ሞላላት፤ የመጨረሻው የእናቱ ነው። ነጋዴዎቹ ወሰዱት፤ ሲመለሱ ከአንለይ አሥራ አንድ ዛጎል ይዘው መጡ፣ ለየቋጠሮው አንድ አንድ። የሳቀባት ሁሉ አፈረ፤ ይበለው።

በሁለተኛው ዓመት በረዶ አዝመራውን መታው። ጎረቤቶቹ ልጁ እንዳይሳቀቅ ካምናው እህል እንቋጥርለት አሉ። አዛለች እምቢ አለች። ዘንድሮ እርሻችሁ የሰጣችሁን ቋጥሩ አለች። ገለባ የቀረው ገለባ ቋጠረ። አሁንም አሥራ አንድ ዛጎል መጣ።

በሦስተኛው ዓመት የሺወርቅ ሞተች። አዛለች ራሷ ገነዘቻት። የነጋዴዎቹ መሄጃ ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው፣ ልጁ ጦር ላይ ነው፣ የሚያጽናናው ዘመድ በሌለበት ይህን ቢሰማ ራሱን ባሕር ውስጥ ይጥላል፣ የእናቱን ቋጠሮ አንቺ ቋጥሪለት አሏት። እኛ እኮ እንዲህ ነን፤ መርዶ ስንደብቅ ያዘንን ይመስለናል። ለመኗት፣ ለመኗት፣ ቋጠረች። ነጋዴዎቹ ሲመለሱ አሥር ዛጎልና አንድ ነጭ ሻሽ አመጡ። ለእናቱማ ከዛጎል የሚበልጥ ላከላት ብለው ሁሉም ተደሰቱ። አዛለች ሻሹን ታቅፋ አለቀሰች። ለሞተች ሴት ሻሽ ያስላክሁ እኔ ነኝ አለች።

ከዚያስ? ከዚያማ ተነሣች! ስንቋን ይዛ ከነጋዴዎቹ ጋር ወረደች። እግሯ አበጠ፤ ሄደች። ቆላው ንዳድ አለበት ተመለሺ አሏት፤ ሄደች። ጦሩ መንገዱን ዘግቶታል አሏት፤ ዙሪያ ጥምጥም ሄደች። ባሕሩ ዳር ደረሰች። መጀመሪያ የአንለይን የመርከብ ጓደኞች ለምና ሰበሰበችና በዙሪያው አስቀመጠቻቸው። መርዶ ሰው በሌለበት አይነገርማ።

«አንለይ፣ እናትህ አርፋለች» አለችው። «የመጨረሻውን ቋጠሮ የቋጠርሁት እኔ ነኝ። ዋሽቼሃለሁ፣ ይቅር በለኝ።»

«አውቄያለሁ፣ እትዬ። የእናቴ ክር ወደ ግራ ነበር የሚዞረው።»

«ታዲያ ሻሹን ለማን ላክህ?»

«ላንቺ ነዋ፣ ስለ ገነዝሽልኝ። ካንቺ በቀር ማን ይገንዛታል? ግን መጥቶ የሚያረዳኝ ሰው ስላጣሁ እስከ ዛሬ አላለቀስሁም።»

ያኔ አለቀሰ። እሷም ጓደኞቹም አብረውት አለቀሱ። ጦሩ ሲያበቃ አንለይ ተመለሰ፤ አዛለችንም እስክትሞት እንደ እናቱ ጦራት።

ዛሬም ከዋንዛ በር ሰው ሲርቅ ቋጠሮ እንልክለታለን። በሞተ ሰው ስም ግን አንቋጥርም። ከመካከላችን አንዱ ነጭ ሻሽ ይዞ ይነሣና ሐዘንተኛው ያለበት ድረስ በእግሩ ይሄዳል። እኔም አንድ ጊዜ ይዤ ሄጃለሁ። ከባድ ነው፤ ግን ይኬዳል።