አህያ ያዋሰችው ቁጥር

አንድ ጊዜ፣ ሣር በል እንስሳት ሁሉ ጀንበር ስትጠልቅ ባንድ ትልቅ በረት ውስጥ ማደር በጀመሩበት ዘመን፣ ከበረቱ ማዶ ካለው ሾላ ሥር ፎቶ ቤት የከፈተች አንዲት አህያ ነበረች። ወደ በረቱ ያለ መታወቂያ መግባት ክልክል ስለሆነ፣ በጉም ፍየሉም ላሟም ለመታወቂያ የሚሆነውን ፎቶ የሚነሱት እሷ ዘንድ ነው። እሷም ፎቶውን በኮምፒውተር ታስተካክላለች፤ የጨለመውን ታፈካለች፣ ፀሐይ የበዛበትን ታደበዝዛለች፣ በጉ ካስነጠሰ ደግሞ ቁጭ አድርጋ እንደገና ታነሳዋለች።

ባሏን በድርቁ ዓመት ጅብ በልቶባታል። የቀራት አንድ ውርንጭላ ነው፤ ዳልቾ ይባላል። የዳልቾ ቀኝ ጆሮ ከተወለደ ጀምሮ ወደ ታች የታጠፈች ናት። በበረቱ ያሉ ጥጆች በዚህች ጆሮ ስለሚስቁበት፣ መታወቂያ የሚያወጣበት ቀን ሲደርስ እናቱን ለመናት።

«እማዬ፣ በኮምፒውተሩ ጆሮዬን ቀና አድርጊልኝ።»

«መታወቂያ ላይ ማስመሰል የለም።»

«ትንሽ ብቻ! ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለኋ። እኔ አንተን ከሩቅ የምለይህ በሷ ነው። ቀና ካደረግኳት የማን ልጅ ነው ልበል?»

ዳልቾ አኩርፎ ዋለ። ማታ ግን ረሳውና እንደ ወትሮው ሆዷ ሥር ገብቶ ተኛ። መታወቂያው ከታጠፈች ጆሮው ጋር አንገቱ ላይ ተንጠለጠለ።

አህያ ፎቶ የምታስተካክልበትን ፕሮግራም የሠራው ኮረብታው ላይ የሚኖረው ሽማግሌው ዝሆን ነው። ፈቃዱን ለማግኘት አንድ በጋ ሙሉ ጨው ተሸክማ ጀርባዋ ተልጧል። ዝሆን የፈቃዱን ቁጥር በሰጣት ቀን እንዲህ ብሏት ነበር።

«ይህ ፈቃድ ላንድ ኮምፒውተር ነው፣ ላንቺው ኮምፒውተር። በሱ የሚሠራ ፎቶ ሁሉ ሆዱ ውስጥ ይህን ቁጥር ይይዛል። ነገ ክፉ ፎቶ ቢገኝ ማን እንደሠራው የምናውቀው በቁጥሩ ነው።»

«ክፉ ፎቶ ደግሞ ምንድን ነው፣ አባባ?» ብላ ሳቀች አህያ።

ዝሆን አልሳቀም። «ብቻ ቁጥሩን ለማንም እንዳትሰጪ። አንድ ነገር ከገጠመሽ ወደኔ ነይ፤ እዘጋዋለሁ» አላት።

ከዕለታት አንድ ቀን ቀበሮ ወደ ፎቶ ቤቱ መጣች። የቀበሮን ሰላምታ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አያልቅም። የአህያን ጤና ጠየቀች፣ የልጇን ጤና ጠየቀች፣ የተላጠ ጀርባዋን አይታ ከንፈሯን መጠጠች፣ በመጨረሻ ኮምፒውተሩን ሳይቀር እንደ ዘመድ ዳበሰችው።

«እትዬ አህያ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ ነበር» አለች። «ከወንዙ ማዶ አንድ ዘመድ አለኝ። ችግረኛ ነው። ትንሽ ፎቶ ቤት ቢጤ ከፍቶ ልጆቹን ላሳድግ ይላል። ያቺን ቁጥርሽን ብታውሺኝ?»

አህያ ደነገጠች። «እኔ እንኳ ባልከፋኝ ነበር። ግን ላንድ ኮምፒውተር ብቻ ነው ብሎኛል ዝሆን።»

«ውይ፣ ዝሆን ደግሞ! ዝሆን ሆዱ ሰፊ ነው፤ ሁሉም ወደሱ ካልገባ አይጠግብም። እስቲ ፈርደሽ ንገሪኝ፤ የእድሩን ድንኳን እንዋዋስ የለም ወይ? ድስትሽን አውሰሽኝ አታውቂም? ድስት እንኳ ሲመለስ ጠቁሮ ነው የሚመለሰው። ቁጥር ግን ብትሰጪው አይጠቁር፣ አይጎድል፣ አይሰበር። እዚሁ ካንቺው ጋር ነው የሚቀረው!»

ይህ ንግግር አህያን ያዛት። በዚያ በረት ሰፈር ውሰትን እምቢ ማለት ከባድ ነውር ነበር። ፍየል አንድ ጊዜ ወንፊቷን ደብቃ «የለኝም» በማለቷ፣ እናቷ የሞተች ዕለት ድንኳኑ ባዶውን ውሏል። አህያ ይህን አስታወሰች። ብቻዋን ልጅ የምታሳድግ ናት፤ ነገ ማንን እንደምትፈልግ አታውቅም። የዘመድየውን ስም መጠየቅ ፈለገች፤ ያላመነቻት እንዳይመስል ተወችው። ይሉኝታ ያዛትና ቁጥሩን አንድ በአንድ ለቀበሮ ነገረቻት።

የቀበሮ ዘመድ ማን ይመስላችኋል? አያ ጅቦ ነው።

«ምን ይዘሽልኝ መጣሽ?» አላት አያ ጅቦ ከዋሻው ብቅ ብሎ።

«ቁጥር።»

«ይበላል?»

«አይበላም፤ ያስበላል እንጂ። አሁን ዝም በልና እዚህ ቁጭ በል፣ ፎቶ ላንሳህ።»

ቀበሮ አያ ጅቦን አነሳችው። ከዚያ በአህያ ቁጥር የተከፈተውን ፕሮግራም ይዛ ሥራ ጀመረች። ጆሮውን ሳበችና አስረዘመችው፣ ዝንጉርጉሩን አጠፋችና አመድማ ቀለም ቀባችው፣ ጥርሱን በከንፈር ሸፈነችው። ስትጨርስ የኮምፒውተሩን መስተዋት ወደሱ አዙራ አሳየችው። አያ ጅቦ ለሀጩ ተዝረበረበ።

«ይቺ አህያ የት ነው ያለችው?» አለ ዙሪያውን እየተገላመጠ።

«አንተ ነህ እኮ፣ ደደብ!»

አያ ጅቦ ነገሩ እስኪገባው ድረስ ብዙ ጊዜ ፈጀ። ሲገባው ግን ደስታውን አልቻለውም፤ ወንድሞቹን ሁሉ ጠራ። ወንድሞቹም የየራሳቸውን ኮምፒውተር አመጡ፣ በየዋሻው ያቺው የአህያ ቁጥር ገባች። በአህያ ፎቶ መታወቂያ የሚያበጁት ብዙ ነበሩና አንድ ኮምፒውተር አልበቃቸውም። ቀበሮም ከሚታደነው ድርሻዋን ልትካፈል ተስማማች።

እዚህ፣ በሾላው ሥር፣ የአህያ ኮምፒውተር ጠባዩን ለወጠ። ፎቶ ልታስተካክል ስትቀመጥ የኮምፒውተሩ መስተዋት ላይ አንድ ጽሑፍ ይመጣና ሥራውን ያቆምባታል። «ፈቃድዎ በሌላ ቦታ በሥራ ላይ ነው፤ ጥቂት ይጠብቁ» ይላል። መጀመሪያ አልፎ አልፎ ነበር። በኋላ በየሰዓቱ ሆነ።

ወደ ቀበሮ ሄደች። «ዘመድሽ ምን ያህል ፎቶ ነው የሚያነሳው? እኔ መሥራት አቃተኝ እኮ» አለቻት።

«ገበያው ደርቶለታል በያ! ምርቃቱ ላንቺ ነው። እንዲያውም ቁጥሯ ገደኛ ናት እያለ ሲያመሰግንሽ ነው የሚውለው።»

«ባንድ ኮምፒውተር ብቻ ነው አይደል የሚሠራው?»

«እንዴታ! ምነው፣ ተጠራጠርሽኝ?» ቀበሮ ዐይኗ እንባ አቀረረ።

አህያ አፈረች። ይቅርታ ጠይቃ ወጣች። ልቧ ግን አላረፈም፤ በማግስቱ ወደ ዝሆን ኮረብታ መውጣት ጀመረች። ልትነግረው ነበር። የመንገዱ እኩሌታ ላይ ስትደርስ ግን እርምጃዋን አዘገየች። ምን ብዬ ነው የምነግረው? ለማንም አትስጪ ያልከኝን ሰጠሁ ልበል? እሱስ ይቆጣል፣ ያልፋል። ቀበሮ ስትሰማ ግን አሳባቂ ናት ብላ በረቱን ሁሉ ታስወራለች። ለልጄስ ማን ይሆነዋል? እንዲህ እያለች ቆመች፤ ቆማ ቆማ ተመለሰች። ምስኪን! ያን ቀን ትንሽ ብትራመድ ኖሮ።

የገበያ ቀን ዋዜማ ደረሰ። ከደጋ የወረዱ አዳዲስ በጎች መታወቂያ ለማውጣት በሾላው ሥር ተሰልፈዋል፤ መታወቂያ ካላገኙ ውጭ ማደራቸው ነው። አህያም ለመጨረስ ትጣደፋለች፤ ኮምፒውተሩ ግን በየፎቶው መሃል «ጥቂት ይጠብቁ» እያለ ያስቆማታል። ጀንበሯ አዘቀዘቀች። ዳልቾ ተራበ፣ ተነጫነጨ።

«እማዬ፣ እንሂድ።»

«እነዚህን ትቼ እንዴት ልሂድ? አንተ ቅደም። በረት ውስጥ ያለ ልጅ ምን ይነካዋል? እደርስብሃለሁ።»

«ብቻዬን?»

«መታወቂያህ አንገትህ ላይ አይደለም እንዴ? ሂድ፣ የኔ ጌታ።»

ዳልቾ የታጠፈች ጆሮው እየዘለለች ሄደ። አህያ የመጨረሻውን በግ ፎቶ ስትጨርስ የበረቱ በር ተዘግቶ ነበር። ከተዘጋ ደግሞ ለማንም አይከፈትም፤ ሕጉ ነው። እሷም ልጄ ውስጥ ነው፣ በሰላም ነው ብላ ከዘገየው በግ ጋር ፎቶ ቤቷ አደረች።

ሲነጋ ወደ በረቱ ሮጠች። በሩ ላይ ዘበኛው በሬ ቆሟል፤ ቀና ብሎ አላያትም። ከኋላው በጎቹ አንዱ በሌላው ላይ ተደራርበው ይንቀጠቀጣሉ። መሬቱ ደም ነው።

«ጋሽ በሬ፣ ልጄስ?»

«አህዮች ነበሩ» አለ በሬ። «ማታ፣ በሩን ልዘጋ ስል፣ ጆንያ የለበሱ አህዮች መጡ። ከሩቅ አገር የመጣን ዘመዶቿ ነን አሉኝ፤ ያንቺን ስም ጠሩ። እኔ መታወቂያ አየሁ። ፎቶው አህያ ነው፣ ጥርት ያለ አህያ። መታወቂያቸውን እዚሁ አስቀርቼ አስገባኋቸው። ንጋት ላይ በሩን ስከፍት ገፍተውኝ ወጡ።»

«ጋሽ በሬ፣ ልጄስ?»

«እርግጥ ሽታው ጅብ ጅብ ይላል። ግን ሽታ ፎቶ የለውም። ፎቶው አህያ ነበር።»

አህያ ገፍታው ገባች። ሁልጊዜ ከልጇ ጋር በምትተኛበት ጥግ ዳልቾ አልነበረም። ከሱ የተረፈው ክሩ የተበጠሰ መታወቂያ ብቻ ነው። ከጭቃው አነሳችው፣ በከንፈሯ ጠረገችው። ከመታወቂያው ላይ ዳልቾ ጆሮውን አጥፎ፣ አኩርፎ ያያታል። አህያ ያን ጊዜ የጮኸችው ጩኸት እስከ ወንዙ ማዶ ተሰማ።

ነገሩ አንበሳ ችሎት ቀረበ። በሬ በሩ ላይ ያስቀረውን የጅቦቹን መታወቂያ አመጣ። ዝሆንም ተጠራና ኩምቢውን በየፎቶው ላይ አሳርፎ ሆዱ ውስጥ ያለውን ቁጥር አነበበ። ባነበበ ቁጥር ፊቱ ጠቆረ።

«የማን ቁጥር ነው?» አለ አንበሳ።

«የሁሉም ያው አንድ ነው፣ ጌታዬ። የአህያ ነው።»

በበረቱ እንስሳት መካከል ማጉረምረም ተነሳ። አያ ጅቦ ቀበሮ ያስጠናችውን ይዞ ብድግ አለ።

«እኔ ፎቶ መሥራት መች እችላለሁ፣ ጌታዬ? ፎቶ ቤት ያላት እሷ ናት። ኮምፒውተር አንድ ጊዜ ነክሼ ጥርሴን ነው ያመመኝ።»

«ቀበሮ ናት ቁጥሩን የወሰደችው!» አለች አህያ።

ቀበሮ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ዐይኗን አሳብጣ ለቅሶ ላይ ነበረች፤ ለዳልቾ ከሁሉ አብልጣ ያለቀሰችው እሷ ናት። «እትዬ አህያ ኀዘን ጎድቷት ነው፣ አልፈርድባትም» አለች። «እኔ ድስት እንጂ ቁጥር ተውሼ አላውቅም።»

ያየ አልነበረም፣ የሰማ አልነበረም። አንበሳ ወደ አህያ ዞረ።

«ጅብን ለምን በላህ ብዬ ብጠይቀው መልሱን አውቀዋለሁ። እኔ የምጠይቀው በሩን ያስከፈተለትን ነው። ይህ ቁጥር ላንቺ የተሰጠ ነው ወይስ አይደለም?»

«ለኔ የተሰጠ ነው፣ ጌታዬ።»

«ከእጅሽ ማን አወጣው?»

አህያ አንገቷን ደፋች። «እኔ» አለች።

ፍርዱ ተነገረ። ጅቦቹ ከወንዙ ማዶ እንዳይሻገሩ ተባለ፤ ድሮም የሚኖሩት እዚያው ነው። ቀበሮ በነፃ ተሰናበተች። የአህያ ፎቶ ቤት ተዘጋ፣ ፈቃዷ ተሻረ፣ እሷም ከዚያ ቀን ጀምሮ በረቱ ውስጥ እንዳታድር ተፈረደባት። ጎረቤቶቿ አንድም ሳይቀሩ ፊታቸውን አዞሩባት። ድንኳኑ ለዳልቾ ተተክሎ ነበር፤ ነቅለው ወሰዱት።

ዝሆን ሲወጣ አህያ ተከተለችው። ያቺን ትንሽ መታወቂያ ዘረጋችለት።

«አባባ፣ ሌላ አልለምንዎትም። ለልቅሶው አጉልቼ እንድሰቅለው፣ ለዚህች ለአንዲት ፎቶ ብቻ ይክፈቱልኝ።»

«የተሻረ ቁጥር አይከፈትም፣ ልጄ። እኔም ልክፈተው ብል አልችልም» አለ ዝሆን። «ያኔ ብትነግሪኝ ኖሮ ባንዲት ቃል እዘጋው ነበር። ምነው ሳትመጪ ቀረሽ?»

«መጥቼ ነበር» አለች አህያ። «እስከ ግማሽ መንገድ።»

ዝሆን ቀስ እያለ ወደ ኮረብታው አቀና። እሷም የተበጠሰውን ክር ቋጥራ መታወቂያውን በራሷ አንገት ላይ አሰረችው፤ ፀሐይ ስትዘቀዝቅም ሌሎቹ ወደ በረቱ ሲገቡ እያየች፣ ከአጥሩ ውጭ፣ ፊቷን ወደ ወንዙ ማዶ አዙራ ተኛች።

ከዚህ የምንማረው፣ በስማችን የተሰጠንን ፈቃድ ይሉኝታ ይዞን ለማናውቀው እጅ ብናሳልፈው፣ ያ እጅ የሚሠራው ክፋት ሁሉ በኛው ስም እንደሚጻፍ፣ ጥፋታችንንም አፍረን ከግማሽ መንገድ ብንመለስ ዋጋውን የሚከፍልልን ምንም ያላጠፋው ወገናችን መሆኑን ነው።