ባህሩ አይለዝብ፣ ዓሣው አይገባ

«አይጨምሩት!» ብሎ ተካልኝ እጄን ያዘኝ።

ላስቲኩን ፈትቼ ዓሣውን ልለቀው ነበር። አንድ ዓሣ ነው። አውራ ጣቴን ቢያክል ነው። መልኩ ብርቱካን፣ ወገቡ ላይ ነጭ መቀነት የታጠቀ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በጭነት መኪና ከጅቡቲ መጣ፤ ግማሹ ውሃ ግማሹ አየር በሆነ ላስቲክ ውስጥ። የፈለግሁት ይህን ብቻ ነው፤ እሱን ባህሩ ውስጥ ማስገባት።

ባህሩ የምንለው የመስታወቱን ገንዳ ነው። ርዝመቱ ሦስት ሜትር፣ ቁመቱ እስከ ደረቴ። የቤቱ ባለቤት ሰዓዳ በባህር ጠረፍ አድጋ በረሃ ያገባች ሴት ናት። በዕድሜ ልጄ ናት፣ በእንጀራ እመቤቴ ናት። ሁለት ዓመት አሰበችበት። ወለሉ እንዳይሰምጥ ሲሚንቶ ተሞላ፣ በውሃ ልክ ተለካ። መስታወቱ በፍራሽ ተጠቅልሎ መጣ፣ አሥራ ሁለት ሰው ተሸከመው። አሸዋ ገባ። የባህር ድንጋይ ገባ። የጨው ውሃ ገባ። ከዚያ ያለ ዓሣ አርባ ቀን ቆየ። «ድንጋዩ ሕይወት ያብቅል» አለ ተካልኝ፤ ባህሩን የተከለው ባለሙያ እሱ ነው፣ ከአዲስ አበባ ነው የመጣው። ድንጋይ ሕይወት እስኪያበቅል አርባ ቀን ጠበቅሁ። ዘበኛው እኔ ነኝ። ያዮ እባላለሁ።

ተካልኝ ከባህሩ ጠብታ ወስዶ በመለኪያው አየ። ደግሞ አየ። ፊቱ ጠቆረ።

«ጨው በዝቷል። ማነው ጨው የጨመረበት?»

ላስቲኩን አጥብቄ ቋጠርኩ።

«ፀሐይ የምትወስደው ውሃውን ነው እኮ። ጨው ምን እግር አለው፣ የት ይሄዳል? የጎደለው በንጹሕ ውሃ ነው የሚሞላው። የጨው አገር ሰው ይህን ያጣዋል፣ አባባ?»

አልነገርኩትም። እሱ ለአንድ ሳምንት አዲስ አበባ ሄዶ ነበር። በዚያ ሳምንት ውሃው አራት ጣት ጎደለ። የባህር ውሃ ቢጎድል በባህር ውሃ ይሞላል ብዬ የአፍዴራ ጨው በባልዲ በጠበጥኩ። አንድ ባልዲ ጨመርኩ፣ ደግሞ አንድ ባልዲ። በዚህ እጄ።

ይህ እጅ ክፉ እጅ ነው። ስልሳ ፍየል ነበረኝ። በድርቁ ዓመት ጠዋት ጠዋት እየደገፍኩ አነሳቸው ነበር፣ ማታ ማታ እዚሁ እጄ ላይ ይወድቃሉ። ስልሳኛዋ ስትወድቅ ከተማ ገብቼ ዘበኛ ሆንኩ። በር ልጠብቅ ብዬ። በር አይሞትም።

«እስከ ምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ካልገባ ላስቲኩ ውስጥ ያልቅለታል» አለ ተካልኝ።

ላስቲኩን እርጥብ እንስራ ውስጥ፣ ጥላ ላይ አኖርኩት። ዓሣው አፉን ከፈተ። ዘጋ።

«ምን ይሻለዋል?»

«ሁለት በርሜል የተጣራ ውሃ። የሱቁን የታሸገ ውሃ ሁሉ ብንሰበስበው አይሞላልን። የቧንቧው መድኃኒት አለበት። ያለን ማጣሪያው ነው።»

ማጣሪያው ዘንድ ሄድኩ። «ማጣሪያ፣ ውሃ ስጥ» አልኩት። «መብራት የለም፣ በምን ልስጥ?» ያለኝ መሰለኝ። እውነቱን ነው፤ መብራት ከትናንት ጀምሮ የለም። ማጣሪያው ውሃ አይሰጥ፣ ባህሩ አይለዝብ፣ ዓሣው አይገባ።

ጄኔሬተሩ ዘንድ ሄድኩ። «ጄኔሬተር፣ ተነሳ» አልኩት። ገመዱን ሳብኩ። አንዴ አስነጠሰውና ተኛ። ክዳኑን ከፍቼ አየሁ፤ ሆዱ ባዶ ነው። ያልበላ በምኑ ይነሳል? ጄኔሬተሩ አይነሳ፣ ማጣሪያው ውሃ አይሰጥ፣ ባህሩ አይለዝብ፣ ዓሣው አይገባ።

ሰዓዳ በመኪናዋ መንገድ ሄዳ ነበር፤ ጀሪካን ይዤ ማደያ ሄድኩ። ነዳጅ የሚቀዳው ሰው ጀሪካኑን አየ፣ እኔን አየ።

«አባባ፣ በጀሪካን ክልክል ነው። መኪናዎን ይንዱና ይምጡ።»

«መኪና የለኝም። ለጄኔሬተር ነው።»

«ጄኔሬተሩን ይንዱና ይምጡ!»

የተሰለፈው ሾፌር ሁሉ ሳቀ። እሱም ስቆ ሲያበቃ አዘነልኝ መሰለኝ፣ «ማህተም ያለበት የቀበሌ ደብዳቤ ካመጡ እቀዳለሁ» አለኝ። ማደያው ነዳጅ አይቀዳ፣ ጄኔሬተሩ አይነሳ፣ ማጣሪያው ውሃ አይሰጥ፣ ባህሩ አይለዝብ፣ ዓሣው አይገባ።

ቀበሌ ሄድኩ። ጸሐፊዋ ትርሲት ትባላለች። ደግ ናት፤ ወዲያው መጻፍ ጀመረች።

«ነዳጁ ለምንድን ነው ልበል፣ አባቴ?»

«ለዓሣ።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ዓሣ ነዳጅ ይጠጣል?»

«ዓሣው ውሃ፣ ውሃው ማጣሪያ፣ ማጣሪያው ጄኔሬተር፣ ጄኔሬተሩ ነዳጅ።»

«ለውሃ ሥራ ብዬዋለሁ፣ በቃ።» ወረቀቱን ሰጠችኝ። ያዝኩት። ገልብጬ ነበር የያዝኩት፤ እሷ አቃናችልኝ። «ግን ማህተም የለውም። ማህተሙ መሳቢያ ውስጥ ነው፣ መሳቢያው ተቆልፏል፣ ቁልፉ ሊቀመንበሩ ኪስ ውስጥ ነው፣ ሊቀመንበሩ ዕርቅ ላይ ነው። ስልኩንም ዘግቷል።»

«ያለ ማህተም አይሆንም?»

«ያለ ማህተምማ በርበሬ ይጠቅልሉበት።»

ቁልፉ አይመጣ፣ ማህተሙ አይመታ፣ ማደያው ነዳጅ አይቀዳ፣ ጄኔሬተሩ አይነሳ፣ ማጣሪያው ውሃ አይሰጥ፣ ባህሩ አይለዝብ፣ ዓሣው አይገባ።

ዕርቁ ከከተማ ውጭ፣ ግራሩ ሥር ነው። በእግሬ ሄድኩ። ፀሐይዋ አናቴ ላይ ነበረች። እየሄድኩ ዓሣው ይታየኛል፤ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ጫማዬ ተበጠሰ። ይዤው ሄድኩ።

ከዛፉ ሥር ሁለት ወገን ፊት ለፊት ተቀምጧል። የአንዱ ግመል እግሩ ተሰብሯል። የወዲህኞቹ «እናንተ ሰበራችሁት» ይላሉ። የወዲያኞቹ «በራሱ ወደቀ» ይላሉ። ጩቤ የሌለው ሰው አላየሁም። ሊቀመንበሩ ሁመድ መሃል ተቀምጧል። ከኋላው ጠጋ አልኩ።

«ሁመድ፣ ቁልፉን።»

«ቁልፉን ብሰጥህ ማህተሙን ማን ይመታል? የሚመታው የኔ እጅ ነው።»

«እንግዲያው ተነሳ።»

«ያዮ፣ አብደሃል? ሽማግሌው ሳይናገር ከዕርቅ የተነሳ ሰው ዕርቁን አፈረሰ። ስለ ግመል እግር የሰው አንገት ሊሄድ ነው። አልነሳም።»

ሊቀመንበሩ አይነሳ፣ ቁልፉ አይመጣ፣ ማህተሙ አይመታ፣ ማደያው ነዳጅ አይቀዳ፣ ጄኔሬተሩ አይነሳ፣ ማጣሪያው ውሃ አይሰጥ፣ ባህሩ አይለዝብ፣ ዓሣው አይገባ።

ሽማግሌው ሎይታ ነው። የኔን ዕድሜና የዕድሜዬን ግማሽ የኖረ ሰው ነው። ጀርባውን ለዛፉ ሰጥቶ ይቀመጣል። ፊቱ ቆምኩ።

«አባ ሎይታ፣ ይናገሩ። ቸኩያለሁ።»

ቀስ ብሎ አየኝ። «ከየት መጣህ?»

«ከከተማ።»

«ምን አየህ? ምን ሰማህ?»

«ምንም። ቸኩያለሁ አልኩ እኮ።»

ፊቱን አዞረ። «እንግዲያው እኔም አልናገርም። ከጠዋት ጀምሮ በዚህ መንገድ ሰው ያልፋል። አንዱ በሞተር፣ አንዱ በባጃጅ። ቁጭ ብሎ ዳጉ የሰጠኝ አንድ ሰው የለም። የአገሩን ወሬ ያልሰማ ሰው በምን ይፈርዳል? ዓይኑን ታስሮ ነው? አንተ ደግሞ የአፋር ልጅ ነህ። ከተማ እንዲህ አድርጎ ጨረሰህ?»

አፈርኩ። እኛ ሰው ስናገኝ ከሁሉ በፊት ቁጭ ብለን ያየነውን የሰማነውን እንነግራለን። ዳጉ ይህ ነው። አባቴ ውሃ ጠምቶት እንኳ ዳጉ ሳይሰጥ አይጠጣም ነበር። እኔ ሮጬ መጥቼ ቁልፍ አልኩ።

ሽማግሌው አይናገር፣ ሊቀመንበሩ አይነሳ፣ ቁልፉ አይመጣ፣ ማህተሙ አይመታ፣ ማደያው ነዳጅ አይቀዳ፣ ጄኔሬተሩ አይነሳ፣ ማጣሪያው ውሃ አይሰጥ፣ ባህሩ አይለዝብ፣ ዓሣው አይገባ።

ተቀመጥኩ። ለዳጉ ብዬ አልነበረም። ዓሣው አሁን ሞቷል አልኩ። ስልሳ አንድ አልኩ።

ሎይታ ግን ለዳጉ የተቀመጥኩ መስሎት ፊቱን መለሰ። «በል» አለኝ። ሁለቱም ወገን ጠጋ ጠጋ አለ።

እኔ ብዙ አልናገርም። ሚስቴ በሕይወት ሳለች «ያዮ ቃል በብድር ነው የሚያወጣው» ትለኝ ነበር። ያን ቀን ግን ተናገርኩ። የመንገዱን ነገርኩ፣ የደመናውን ነገርኩ፣ የሣሩን ነገርኩ። ከዚያ የዓሣውን ነገርኩ፤ ዓሣው ከጅቡቲ መጣ፣ ባህሩ አልለዝብ አለ፣ ማጣሪያው ውሃ አልሰጥ አለ፣ ጄኔሬተሩ አልነሳ አለ፣ ማደያው ነዳጅ አልቀዳ አለ፣ ማህተሙ አልመታ አለ፣ ቁልፉ አልመጣ አለ፣ ሊቀመንበሩ አልነሳ አለ፣ እርስዎ አልናገር አሉ።

«ቆይ» አለ ሎይታ። «ባህሩ ለምን አልለዝብ አለ?»

«ጨው በዝቶበት።»

«ጨው በእግሩ ገባ?»

እጄን አየሁት። በዳጉ ላይ አይቀነስም፣ አይጨመርም። በዳጉ የዋሸ ሰው ከዚያ ወዲያ «እሳት ተነሳ» ቢል እንኳ የሚሰማው የለም።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «በዚህ እጄ፣ ሁለት ባልዲ። ጠዋት ተጠይቄ ደበቅሁ። ስልሳ ፍየል እዚህ እጅ ላይ ሞቶብኛል። ይህንንም ዓሣ እኔ ገደልኩት።»

«ሲሞት አየኸው?»

«አላየሁም።»

«እንግዲያው ያላየኸውን ዳጉ አታድርገው።»

ከዚያ ሎይታ ዞሮ የወዲያኞቹን አየ። አየ ብቻ። ከመሃላቸው አንድ ጎልማሳ መሬቱን በበትሩ ሲጭር፣ ሲጭር ቆየና፣

«እኔ ነኝ» አለ። «በድንጋይ መታሁት። ማሽላዬን በልቶብኝ ነው።»

ጩቤ የጨበጠው እጅ ሁሉ ተፈታ። ሎይታም ተናገረ። ግመል በግመል ይተካ አለ፤ ማሽላውም አይረሳ አለ። ከዚህ በላይ አልተናገረም።

ሽማግሌው ተናገረ፣ ሊቀመንበሩ ተነሳ። ሊቀመንበሩ ተነሳ፣ ቁልፉ መጣ፤ በባጃጅ ነው የመጣው፣ እኔም አብሬ። ቁልፉ መጣ፣ ማህተሙ ተመታ። ማህተሙ ተመታ፣ ማደያው ነዳጅ ቀዳ። «ዓሣውን ነድተው መጡ?» አለኝ ነዳጅ የሚቀዳው ሰው፤ ዳጉ ቀድሞኝ ደርሷል። ማደያው ነዳጅ ቀዳ፣ ጄኔሬተሩ ተነሳ። ጄኔሬተሩ ተነሳ፣ ማጣሪያው ውሃ ሰጠ። ማጣሪያው ውሃ ሰጠ፣ ተካልኝ ከባህሩ እየቀዳ አፈሰሰ፣ በንጹሑ ተካ፣ ለካ፣ ደግሞ ለካ። ባህሩ ለዘበ።

እንስራው ዘንድ ሄድኩ። ዓሣው በጎኑ ተኝቷል። አፉ አይከፈትም።

«ተካልኝ» አልኩ። ላስቲኩን አነሳሁለት።

«ይስጡኝ። ቶሎ አይባልም።» ላስቲኩን ባህሩ ላይ አንሳፈፈው፤ የሁለቱ ውሃ ሙቀት እንዲገናኝ ነው። ከባህሩ ትንሽ ትንሽ እየጨለፈ ላስቲኩ ውስጥ ጨመረ። ረጅም ጊዜ ቆመን አየን። ከዚያ እጁን ጎድጓዳ አድርጎ ለቀቀው።

ዓሣው ሰጠመ። አሸዋው ላይ ተኛ።

ወንበር ስቤ ፊቱ ተቀመጥኩ። ውጭ ፀሐይዋ ጠለቀች። ተካልኝ «አባባ፣ ይነሱ፣ እህል ይቅመሱ» አለኝ፤ አልሰማሁትም። ስልሳዎቹን አንድ በአንድ አስታወስኩ። የሁሉንም ስም አውቃለሁ። አርባ ምናምን ላይ ስደርስ ክንፉ ነቃ አለ። ደግሞ ነቃ አለ። ተነስቶ እንደ ሰካራም ተንገዳግዶ ድንጋዩ ሥር ገባ። ከዚያ ፊቱን ብቻ አወጣና አየኝ። አፉን ከፈተ። ዘጋ።

የሰዓዳ መኪና በሩ ላይ ቆመ። ሄጄ ከፈትኩላት። ልነግራት አፌን ሳልከፍት እጇን አነሳች።

«ሦስት ቦታ አስቁመው ነገሩኝ» አለች። «ፍተሻው ላይ፣ ድልድዩ ላይ፣ ከከተማ መግቢያ ላይ። የባልዲውን ቁጥር ሳይቀር።»

ገብታ ባህሩ ፊት ቆመች። ዓሣውን አየች። መስታወቱን በጣቷ ነካች። የበሩን ቁልፍ ከወገቤ ፈትቼ ዘረጋሁላት፤ ከዚህ ቤት መውጣቴ ነው ብዬ ነበር። አልተቀበለችኝም።

«አባባ ያዮ» አለችኝ፣ «ውሃው ነገም ይጎድላል። የሚሞሉት እርስዎ ነዎት።»