ካሜራ የቀያየረው ሰው

አንድ ሰው ነበረ። ሥራው ፎቶ ማንሳት ነበር።

ምንያህል፣ «የያዝኩትን ካሜራ ሸጬ ወደ ሌላው ብራንድ ልዙር ወይስ በዚሁ ልጽና?» ብለህ ጠይቀኸኛል። ከመመለሴ በፊት በዚህ ሰው ላይ የደረሰውን ስማ።

ሰውየው ሙያውን በተማረበት ብራንድ የሚምል ነበር። የብራንዱ ስም ኮፍያው ላይ ተጽፏል፤ ቦርሳው ላይም ተጽፏል። ሰርግ ላይ ሌላ ብራንድ የያዘ ባለሙያ አጠገቡ ሲቆም ፈቀቅ ይላል። ምሳ ሲበላ እንኳ የካሜራውን ማንገቻ ከአንገቱ አያወርድም።

የሦስት ዓመት ሴት ልጅ ነበረችው። ከሥራ ሲመለስ በር ላይ ትጠብቀዋለች። ሁለት እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ «አባዬ፣ አንሳኝ!» ትለዋለች። እሱም ደስ ይለዋል። ሌንሱ ከቅርብ ስለማያነሳ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ ቁልፉን ይጫናል።

«አንሳት እንጂ፣ ሰውዬ!» ትላለች እናቷ።

«እያነሳኋት አይደል እንዴ?» ይላል፣ ዓይኑን ከካሜራው ሳይነቅል።

እናቲቱ መጀመሪያ ትስቅ ነበር። በኋላ መሳቁን ተወችው። ልጅቷ ክንዷ እስኪዝል ድረስ እንደዘረጋች ትቆማለች። እሱ ፎቶዎቹን ለሰው እያሳየ «ለካሜራ የምትቆመው እንዲህ ነው» ይል ነበር።

ክረምት መግቢያ ላይ ልጅቷ ታመመች። በአራተኛው ቀን ሞተች።

ሰውየው ሐዘን ተቀምጦ ከተነሣና ክረምቱ ካለፈ በኋላ ወደ ሥራው ተመለሰ። የመጀመሪያው ሰርግ አንድ መናፈሻ ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ ነበር። ሚዜዎቹን በተርታ አቁሞ አነሳ። ስክሪኑን ሲያይ ከሚዜዎቹ ጀርባ አንዲት ትንሽ ልጅ አለች። ደብዝዛለች። እጆቿ ወደ ላይ ናቸው። ቀና ብሎ አየ። ሣር ብቻ ነበር።

በሚቀጥለውም ሰርግ እንዲሁ ሆነ። ካሜራውን ጠጋኝ ዘንድ ወሰደው። ጠጋኙ ከፈተው፣ ጠረገው፣ «ምንም የለበትም» ብሎ መለሰለት። ያን ጊዜ ያ በብራንዱ የሚምል ሰው ካሜራውንም ሌንሶቹንም ሸጠ። ወደ ሌላው ዞረ፤ ያውም ከሁሉ ውዱን ገዛ።

«ሃይማኖት ቀየርክ እንዴ? ማን አጠመቀህ?» እያሉ ባልደረቦቹ ሳቁበት።

አዲሱ ካሜራ ፊት እየፈለገ የሚያገኝ ነበር። ሰው ሲቆምለት ስክሪኑ ላይ አንዲት ትንሽ አራት ማዕዘን ብቅ ብላ ፊቱን ትከበዋለች። በቀጣዩ ሰርግ አራት ማዕዘኗ ሙሽራዋ ፊት ላይ አረፈች። ከዚያ ፊቷን ለቀቀችና ባዶው ሣር ላይ ሄደች፤ ከሰው ጉልበት ትንሽ ከፍ ብላ ቆመች። ሰውየው እንደገና ሞከረ። አሁንም እዚያው ሄደች። ቁልፉን ተጫነ። ልጅቷ ከሙሽራዋ ፊት ቆማለች። ካሜራው ውድ ነውና የጫማዋ ማሰሪያ ሳይቀር ጥርት ብሎ ይታያል።

ይህንንም ሸጠ። ሦስተኛ ብራንድ ገዛ።

በሦስተኛው ካሜራ በሠራበት ሰርግ አራት ማዕዘኗ እግሩ ሥር መጣች። ሲያነሳ ፎቶው ላይ የወጡት ሁለት ትንንሽ መዳፎች ብቻ ነበሩ፤ ስክሪኑን ሞልተውታል። የሙሽራው አክስት፣ አንዲት አሮጊት፣ በትከሻው በኩል አጮልቀው አዩ።

«ውይ፣ ይቺ የማን ልጅ ናት? የሚያነሳት ሰው ጠፋ?»

«አንስቻታለሁ፣ እማማ። ይኸው» አለና ስክሪኑን አስጠጋላቸው።

«ፎቶ ማን ጠየቀህ? ልጅቷን አንሳት ነው የምልህ!»

ሰውየው ማንገቻውን ከአንገቱ አውልቆ ካሜራውን ሣሩ ላይ አስቀመጠ። ጎንበስ ብሎ ሁለት እጆቹን ወደ ባዶው ዘረጋ። ክንዶቹን ደረቱ ላይ አጥፎ ቀስ ብሎ ቀና አለ። ሙዚቃው አልቆመም፤ አጠገቡ የነበሩት ግን ዞረው አዩት።

አንዷ ሚዜ በስልኳ አነሳችው። ፎቶው ላይ ልጅ የለችም። ክንዱን አጥፎ የቆመ አንድ ሰው ብቻ አለ። የሸሚዙ ኮሌታ ግን በአንድ በኩል ወደ ታች ተጎትቷል።

ከዚያ ወዲህ በየትኛውም ፎቶው ላይ አልታየችም።

እንግዲህ ምንያህል፣ ይህ ሰው በብራንዱ ሲጸና ልጁን አላነሳትም። ብራንድ ሲቀያይርም አላነሳትም። ካሜራዎቹ አላጠፉም፤ ሦስቱም ያሳዩት ያለውን ነገር ነው። አንተም እንደዚያ ሰው ነህ። አትቀየመኝ። ልጅህ ሰባት ወሯ ነው። ባለፈው ሳምንት «ክብደቷ እንዴት ነው?» ብዬ ብጠይቅህ ስልክህን አውጥተህ ፎቶዋን አሳየኸኝ። ጥሩ ፎቶ ነው፤ ብርሃኑም ጥሩ ነው። ክብደቷን ግን እኔም አላወቅኩም፣ አንተም አላወቅክም።

ካሜራውን ብትቀይረውም ባትቀይረውም ለእኔ አንድ ነው። አሁን ተነሥና ቤትህ ሂድ። ባዶ እጅህን ግባ።